የአደራ እናት

ሰው ሲሞት በስልክ እውነቱን መንገር በእኛ አገር ነውር ነው። «ትንሽ አሟቸዋል፤ ብትመጣ ጥሩ ነው» ይባላል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸና ከደሴ የጎረቤታችንን ልጅ ድምፅ ሰማሁ። «እትዬን ትንሽ አሟቸዋል» አለችኝ። «ትንሽ» የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ኢናሊላሂ አልኩ። እሷም ከዚያ ወዲያ ልትዋሸኝ አልሞከረችም። ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቆየን።

እትዬ ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ። ስማቸውን ግን አልጽፈውም። ስማቸው ያለ ቦታው ሲጻፍ አይወዱም ነበር፤ ምን ያህል እንደማይወዱ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

እትዬ ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምረዋል። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሁልጊዜ ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ አጥብቀው የሚያጣፉ ሴት ነበሩ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው አጥብቀው ማጣፋታቸው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ጧት ጧት የጦሳ ጭጋግ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ክፍላችን ውስጥ ሆነን ጥቁር ሰሌዳው እንኳን አይታየንም ነበር። የእሳቸው ድምፅ ግን ይሰማል። አርጩሜ አይዙም። ያጠፋ ተማሪ የሚቀጣው በሁለት ቃል ነው፤ «ፍቀውና ጻፈው»።

ፊደል ላይ ቀልድ የለም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ለእሳቸው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። አንዱን በሌላው ቤት ያስገባ ተማሪ የጎረቤቱን በር ሰብሮ የገባ ያህል ይታያል። «ንጉሡ ሠ ባለበት እሳቱ ሰ ምን ይሠራል?» ይላሉ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃላት ጻፉ፤ «ድኽነት» እና «ድኅነት»። ከዚያ ዞረው «አንደኛው ማጣት ነው፤ ሁለተኛው መዳን ነው። በጆሮ አንድ ናቸው። ፊደሉን ያላወቀ ሰው ያዳነው ማን እንደሆነና ያደኸየው ማን እንደሆነ ሳይለይ ይሞታል» አሉ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ነበርን፤ ሳቅን። እኔ ግን ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ የምስቅበት ምክንያት አልነበረኝም። ሁለቱንም ቃላት አውቃቸው ነበር።

እኔና እናቴ ከወረባቦ ተነሥተን ደሴ የገባነው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። በሬዎቹም ሞተዋል። በእግራችን ሐይቅን አልፈን ስንመጣ መንገዱ ሁሉ እንደ እኛ ባለ ሰው ተሞልቶ ነበር፤ ከዚያ ጉዞ የማስታውሰው የእናቴን የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ነው፤ ከኋላዋ ስለምሄድ ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። የዚያን ጊዜውን የወሎ ረኀብ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም አሳይቶታል። ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ደሴ ግን ይህን ለማየት ፊልም አላስፈለጋትም። በየአጥሩ ሥር ሰው ተኝቷል። ነዋሪው ከራሱ ሞሰብ እየቀነሰ ያበላል፤ አስተማሪዎችም ከደሞዛቸው እያዋጡ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ወደ መጠለያው ይወርዱ ነበር። እትዬ ከእነዚያ አንዷ ነበሩ።

እናቴ የሞተችው በኅዳር ወር ነው። ከመሞቷ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት እትዬ በየማታው እየመጡ አጠገቧ ይቀመጡ እንደነበር አውቃለሁ፤ የተነጋገሩትን ግን የማውቀው እሳቸው ስለጻፉት ብቻ ነው። የተማሪ ደብተር ይዘው እናቴን ጠየቋት። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የወንዙን ስም፣ የአጎቴን ስም፤ አጎቴ የትኛው ዛፍ አጠገብ እንደሚኖር ሳይቀር በሰማያዊ ቀለም ጻፉ። በመጨረሻ እናቴ «አደራ» አለቻቸው። እሳቸውም «አደራ» የሚለውን ቃል ለብቻው በአንድ መስመር ላይ ጻፉት። ስንት ዓመቴ እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ጥርሴን አይተው «ስድስት» ብለው ጻፉ። እስከ ዛሬ ዕድሜዬን የምቈጥረው ከዚያ ደብተር ተነሥቼ ነው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን አባባል የሚያውቀው አደራ ከተበላ በኋላ ነው። እኔ ያደግሁት ሳይበላ ሲጠበቅ እያየሁ ነው።

እትዬ ክርስቲያን ነበሩ፤ ያውም ሐሙስ ማታ የዓርብን ጾም የሚያስቡ ክርስቲያን። እኔ የሙስሊም ልጅ ነኝ። ቤታቸው በገባሁ ሳምንት አንድ ዘመዳቸው «ክርስትና ይነሣና ይረፍ እንጂ» ብለው እንደነበር ሰምቻለሁ። እትዬ የመለሱት «የሰጡኝን ነው የምመልሰው» ብለው ነው። ስሜን አልቀየሩም። ከጎረቤታችን ሙስሊም እናት ጋር ተማክረው ቁርአን ወደሚያቀራ ሰው ዘንድ ከሰዓት በኋላ ላኩኝ። ቤታችን ውስጥ ሁለት የሥጋ ድስት ነበር። የእኔ ድስት ጀርባው ላይ በምስማር የተጫረ ምልክት ነበረበት። ለእኔ የሚታረደውን ዶሮ ያ ምልክት ያለበትን ድስት ይዤ ጎረቤት ሄጄ አሳርዳለሁ። ሥጋ ያልነበረበት ቀን፣ ማለትም ብዙውን ቀን፣ አንድ ማዕድ ላይ ቀርበን ሽሮ እንበላ ነበር። «ሽሮ ሃይማኖት የለውም» ይሉ ነበር እየሳቁ።

ረመዳንና የፍልሰታ ጾም በአንድ ላይ በዋሉ ጊዜ ቤታችን ቀኑን ሙሉ ጭስ የማይወጣበት ቤት ይሆናል። እሳቸው ቅዳሴ እስኪወጣ ይጾማሉ፤ እኔ ልጅነቴ እስኪፈቅድልኝ እሞክራለሁ። ገና መግሪብ ሳይደርስ ዐይኔ ወደ ሞሰቡ ሲሄድ ያዩኛል። «ጾምህን ብትሰብር ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔ የአንተ ቄስ አይደለሁም» ይሉኛል። ስለዚህ አልሰብርም ነበር። የሚቆጣኝ ቢኖር ኖሮ እሰብር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ልጅ ነኝና አንድ ቀን «እማዬ» አልኳቸው። ሳላስበው ነው የወጣኝ፤ ከእንቅልፌ ስነቃ። አልተቆጡም። አጠገቤ ተቀምጠው ፀጉሬን እየዳበሱ «ይኸ ስም ባለቤት አለው። እኔን እትዬ በለኝ» አሉኝ። በትምህርት ቤት እትዬ፣ በቤት እትዬ፤ በትምህርት ቤት «እርስዎ»፣ በቤትም «እርስዎ»። የሰፈራችን ልጆች እናቶቻቸውን «አንቺ» ሲሉ እየሰማሁ እቀና ነበር። አማርኛ እናትን «አንቺ» የምንልበት፣ አስተማሪን «እርስዎ» የምንልበት ቋንቋ ነው። እኔ የነበረኝ እናት አንቱታ ነበረባት።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ማታ ማታ ጎልማሶችን ያስተምሩ ጀመር። ዶሮዬን የሚያሳርዱልኝ ጎረቤታችን በሃምሳ ዓመታቸው ገደማ ደብተር ይዘው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። እኔ ማሾውን እይዛለሁ። ጎረቤታችን ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተካክለው ሲጽፉ «አሁን የምሞት እንኳን ብሆን ወረቀት ላይ አለሁ» አሉ። እትዬ ይህን ንግግር ለዓመታት ሲደጋግሙት እሰማ ነበር። ወረቀት ላይ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

በ1972 ዓ.ም. በጋ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ፣ ደብተሩን ከሣጥናቸው አወጡና «ነገ ወረባቦ እንሄዳለን» አሉኝ። አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። መንደሬን እንደ ጠላት ነበር የማየው፤ እናቴን ያልመገበ መንደር ነው። «አንተን አልጠየቅሁህም» አሉ። ሐይቅ ድረስ በአውቶቡስ ሄድን። ከዚያ በቢስቲማ መንገድ፣ ጥቂቱን በጭነት መኪና፣ ብዙውን በእግር ተጓዝን። እትዬ ጫማቸው እግራቸውን ልጦት እያነከሱ፣ በየመንገዱ ሰው እያቆሙ፣ ከደብተሩ ላይ ስም እያነበቡ ይጠይቃሉ። ወንዙን አገኘነው። ዛፉን አገኘነው። አጎቴ በሕይወት ነበር።

አጎቴ መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ እትዬ የእናቴን ቃል በሙሉ አነበቡለት። አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝና አለቀሰ። ለቅሶው ሲበርድለት «ልጁ የእኛ ነው» አለ። እኔ የእትዬን ነጠላ ጨብጬ ነበር። እሳቸው ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቁና «አዎን፤ የእናንተ ነው። ይዤው የመጣሁት ስለዚህ ነው» አሉ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጆቻቸው ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጭነው ይዘውት ነበር።

ያን ማታ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ቡናው ተፈላ፤ ዱዓ ተደረገ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ጧት አጎቴ መጥቶ ውሳኔውን ለእትዬ ነገራቸው። «አጥንቱ የእኛ ነው፤ እሱን መልሰውልናል። እርስዎ ዘንድ ይማር። በየዓመቱ ግን እናየዋለን» አለ። እትዬ «እሺ» ብቻ አሉ። አውቶቡሱ ከሐይቅ ተነሥቶ ደሴን ሲያይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ያኔ ልጅ ነበርኩና «ለምን ያለቅሳሉ? አልሰጡኝም እኮ» አልኳቸው። «ዝም በል፤ አቧራ ነው» አሉኝ። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።

ዛሬ የልጆች አባት ሆኜ ያን ቀን ሳስበው ያስፈራኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠቡትን፣ ያስተማሩትን፣ በሽታውን ያስታመሙትን ልጅ ይዘው፣ በተላጠ እግር ተጉዘው፣ ሊቀማቸው ለሚችል ሰው በገዛ እጃቸው አቀረቡት። ማንም አላስገደዳቸውም። እናቴ ሞታለች፤ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ቢጥሉት የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ስማቸውን ለምን እንደማልጽፍ ልንገራችሁ። በ1978 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ቅጽ ሞላሁ። «የእናት ስም» በሚለው ቦታ ላይ፣ ሳልነግራቸው፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የእሳቸውን ስም ጻፍኩ። ሳይነጥቡ አሳምሬ የጻፍኩት ስጦታ መሆኑ ነበር። ቤት ይዤው መጣሁና አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረዥም ጊዜ አዩት። ደስታ የጠበቅሁበት ፊት ገረጣ።

«ይኸ ስሕተት ነው» አሉ።

«ምኑ ላይ?»

«ያቺ ሴት በዚህ ምድር ላይ የቀራት ቦታ ቢኖር በአንተ ቅጽ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት። መቃብሯ እንኳን አይታወቅም። እሱንም እኔ ልቀማት?»

ከዚያ በቀይ ቀለም፣ እንደ ተማሪ ድርሰት፣ ስማቸውን በአንድ መስመር ሰረዙት። «ሌላ ቅጽ ጠይቅና ጻፈው» አሉኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ቅጽ አበላሸህ ብሎ ተቆጥቶኛል። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ በሁሉም ላይ ያለችው ወረባቦ የተወለደችው እናቴ ናት። እትዬ በአንዱም ላይ የሉም።

አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ከቀረሁ በኋላ ያለው የእኔ ታሪክ እንደ ብዙ ሰው ታሪክ ነው፤ የምኮራበትም አይደለም። መጀመሪያ በየበዓሉ እሄድ ነበር። ከዚያ በዓመት አንዴ ሆነ። ከዚያ ገንዘብ መላክ መጣ፤ ገንዘብ መላክ ሲጀመር ደግሞ እግር ይሰንፋል። ስልክ ስደውል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ወረባቦ ሄድክ?» ብለው ነው። «ደሴ መቼ ትመጣለህ?» ብለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ስላልጠየቁኝ ያልፈለጉ መስሎኝ ኖርኩ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ መኪና ልላክ ብዬ ለመንኳቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። «እኔ የማውቃት ደሴ ሰው ሸሽቶ የሚገባባት ናት። ከእሷ መሸሽን አላውቅበትም» አሉኝ። በማግሥቱ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ባለው ከአንድ ወር የሚበልጥ ጊዜ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ቆየሁ። በቢሮዬ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ሳልሄድ የቀረሁባቸውን በዓላት አንድ በአንድ እቈጥር ነበር። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ስትለቀቅና መንገዱ ሲከፈት ሄጄ አገኘኋቸው። ቀጥነዋል፤ ዐይናቸው ግን ያው ነው። «ዱቄት አልቆብን ነበር፤ ሌላው ደኅና ነው» አሉ። ከጎረቤታችን ልጅ ጋር አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ምድጃ ላይ ከርመዋል። ከሽሮ በስተቀር የቀመሱት እንዳልነበረ ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩልኝ። ቀድሞ ከሄድኩት ይልቅ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ሆኖም የዘገየ ዕዳ ነው፤ ወለዱን እንጂ ዋናውን አልከፈልኩም።

የቀብሩ ዕለት በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ስደርስ አስከሬኑ ሊወጣ ነበር። ወሎ ውስጥ ዕድሩን ቅሬ እንለዋለን። በቅሬአችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ድንኳኑን የተከሉት፣ ቃሬዛውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተሸከሙት ሰዎች ግማሾቹ ጀማዓ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከድንኳኑ በር ላይ አንድ የማላውቀው የእትዬ ዘመድ «አንተ ምናቸው ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ቃል አጣሁ። ልጃቸው ነኝ እንዳልል ሰርዘውታል። ተማሪያቸው ነኝ ማለት ደግሞ ክህደት ሆነብኝ። «ጎረቤት ነኝ» አልኩ።

በቀብሩ ላይ የወንድማቸው ልጅ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ ያስተማሩበት ዓመታት ሁሉ በትክክል ተጽፈዋል። መጨረሻው ላይ «ትዳራቸው ባለመዝለቁ ልጅ አልወለዱም» ይላል። እውነት ነው። እትዬ ቢያርሙት ኖሮ ምልክት አያደርጉበትም ነበር። እኔ ግን እዚያ የቆምኩት ስልሳ ዓመት የተጠጋሁ ሰው፣ ራሴን እንደ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ነጠላ እንደሚፈልግ እጅ ሆኜ አገኘሁት።

ወደ ድንኳኑ ስንመለስ ከኋላ ወንበር ልቀመጥ ስል የቅሬው ዳኛ፣ ጢማቸው የነጣ ሙስሊም ሽማግሌ፣ እጄን ያዙኝ። «ወረቀቱ የሚለውን ብሏል። እኛ ደግሞ የምናውቀውን እናውቃለን» አሉ። ይዘውኝ ሐዘንተኞቹ ወደሚቀመጡበት ወሰዱኝና አስቀመጡኝ። ያ ዘመድ ጠጋ አለልኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «እግዜር ያጥናህ»፣ «አላህ ያጽናህ» እያለኝ አለፈ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ልጅ ደብተሩን አመጣችልኝ። ለእኔ እንድትሰጥ ተነግሯት ነበር። ሰማያዊው ቀለም ወይቧል። «አደራ» የሚለው መስመር እንዳለ ነው። ከእሱ በታች ግን አይቼው የማላውቀው ዝርዝር አለ። ልጅ ሳለሁ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ጎረቤታችን ቤት ሰደቃ እንደሚወጣና ዱዓ እንደሚደረግ አስታውሳለሁ፤ የጎረቤታችን ሰደቃ ይመስለኝ ነበር። የእናቴ ነበር። እትዬ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በእናቴ ስም አውጥተዋል፤ ዓመቱን፣ የወጣውን፣ ለስንት ሰው እንደደረሰ ጽፈዋል። ሃምሳ አንድ መስመር ነው። በ1977 ዓ.ም.፣ ያ መንገድ ዳግመኛ በረኀብተኛ በተሞላበት ዘመን፣ «ንፍሮ፣ ለሠላሳ ሰው» ይላል። በ2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ባለበት ኅዳር፣ «ሁለት ዳቦ፤ ለአራት ልጆች» ይላል። የመጨረሻው መስመር የ2017 ነው፤ ሊሞቱ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይቀራቸው፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ። ኅዳርን በብዙኃኑ ኀ ጽፈውታል። ፊደሉ አልተሳሳተም።

አርባቸው ታኅሣሥ ላይ ዋለ። ተዝካሩን እኔ አወጣሁ። የማላውቀው ሥርዓት ቢሆንም ቄሱን ጠየቅሁ፤ ዘመዶቻቸው ረዱኝ፤ የቅሬው ሴቶች ወጡን ሠሩ። የነቢያት ጾም ስለነበር ሥጋ አልተሠራም። ሁለት ድስት አላስፈለገም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ድንኳን ውስጥ፣ ከአንድ ድስት የወጣ ሽሮ በላ።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ደሴ ሄጄ የእናቴን ሰደቃ አወጣሁ። ማታ ደብተሩን ገለጥኩና ሃምሳ ሁለተኛውን መስመር ጻፍኩ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ መስመር አሰመርኩ፤ ለእትዬ ተዝካር። ስማቸውን ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁና ቆምኩ። ቀይ ቀለሙ ታየኝ። አንዱን መስመር ለአንዷ፣ ሌላውን ለሌላዋ ብሰጥ ማንም ማንንም አይቀማም ብዬ አሰብኩ።

ጻፍኩት። ስሕተት ከሆነ ይንገሩኝ፤ ፍቄ እጽፈዋለሁ።